ከምስጋና ገጽ ወደ ሽፋን ገጽ፦ የመተማ ቆላና የዶክትሬት መንገድ

 ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። መተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለብዙ ትውልድ የምርምር ርእስ ሆነው ሳለ፣ የተመራማሪ መፍለቂያ ለመሆን ስለ ምን ዘገዩ? ጥያቄው ለአስተዳደር ክፍል የሚተው ይመስላል። እኔ ግን በቅድሚያ የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ታሪክን ማን ይጽፋል የሚለው ታሪክ እንዴት ይጻፋል ከሚለው አይለይምና።

ስለ መተማ የተጻፈውን እንመልከት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 ገላባትን አይቶ ስለ ገበያዋ፣ ስለ ተክሩር ሰፋሪዎቿና ስለ ባሪያ ንግዷ ጽፏል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከሚገኙ አገሮች ለሐጅ የወጡ ምእመናን በመንገድ ላይ ሰፍረው የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ፣ በኢትዮጵያና በግብፅ ኃይሎች መካከል ለሁለቱም ግብር እየከፈለ ኖሯል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የመተማ ጦርነት ሆነ፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም በዚያ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ወሰኑ ተደነገገ፤ መተማና ገላባትም ጎን ለጎን ቆመው የሁለት አገር ከተሞች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣልያንና እንግሊዝ በዚሁ ስፍራ ተዋጉ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከተጓዦች፣ ከቆንስሎች፣ ከወታደሮችና ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ነው። ከነዋሪው አፍ የመጣው ጥቂት ነው። በባሪያ ፈንጋይ እጅ ወድቀው በዚያ ገበያ የተሸጡ የቆላ ሰዎች በሰነዱ ውስጥ ብዛታቸውና ዋጋቸው ይገኝ ይሆናል፤ ስማቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የጣሩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት አሉን። ታደሰ ታምራት ስለ ጎጃምና ስለ ወለጋ ጉሙዞች ጽፈዋል። አብዱሰመድ አሕመድ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጧቸው ጥናቶች የምዕራብ ጎጃምን ቆላ ጉሙዞችና የቤላ ሻንጉልን የባሪያ ንግድ መርምረዋል። ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ድርሳን በምዕራቡ ጠረፍ ላይ ስለነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ነበር። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጠረፋችን ታሪክ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኘው በለንደን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነበር። እስከዚያ ድረስ ማዕርጉን የሚሻ ሁሉ ባሕር መሻገር ነበረበት። ባሕር ለመሻገር ደግሞ የከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የጠለቀ እንግሊዝኛና የውጭ ነፃ ትምህርት ዕድል ያስፈልጉ ነበር። ሦስቱም ከመተማ ሩቅ ነበሩ።

ዛሬ ባሕር መሻገር ግዴታ አይደለም። መሰላሉ ግን ደረጃው ብዙ ነው። አንደኛው ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. እና በ2015 ዓ.ም. ፈተናዎች ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 እና 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለመላው አገር እንዲህ የጠበበ በር ለቆላው ልጅ ምን ያህል እንደሚጠብ ለመገመት የዓመቱን አቆጣጠር ማየት ይበቃል። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወራት ሰሊጥ የሚታጨድበትና ወባ የሚበረታበት ወራት ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ስደተኞችን በመተማ በኩል አስገባ፤ በዚያው ዓመት በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ።

ሁለተኛው ደረጃ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ያለው ነው፤ ብዙም አይወራለትም። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ መምህርነት በር ብዙውን ጊዜ የረዳት ምሩቅ ቅጥር ነው፤ ቅጥሩም በአመዛኙ በአጠቃላይ የውጤት ነጥብ ይወሰናል። የመጀመሪያውን ዓመት እንግሊዝኛን በመልመድ ያሳለፈ ተማሪ በአራተኛው ዓመት ከክፍሉ ጓደኞች ጋር እኩል ቢያስብ፣ እኩል ቢጽፍም፣ ያ የመጀመሪያ ዓመት ነጥብ እስከ መጨረሻው ይጎትተዋል። በዚህም ምክንያት ከሁለተኛ ዲግሪና ከዶክትሬት የሚቀረው ችሎታ ስላነሰው ሳይሆን ዘግይቶ ስለተነሣ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የስያሜ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 89 ንኡስ አንቀጽ 4 በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ዕድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዝዛል። ድጋፉን በተግባር ስናውለው ግን «ታዳጊ ክልሎች» ብለን አፋርን፣ ሶማሌን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝንና ጋምቤላን እንቆጥራለን። ይህ አቆጣጠር የክልል ድንበርን ይከተላል። በቋራና በመተማ የሚኖር ጉሙዝ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወንድሙ ጋር አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሙቀትና አንድ ታሪክ ቢጋራም የሚቆጠረው ከደጋው የአማራ ክልል ተማሪ ጋር ነው። የ1894ቱ ውል አንዲቱን የገበያ ስፍራ በሁለት አገር እንደ ከፈለ፣ የእኛም ስያሜ አንዱን ሕዝብ በሁለት ረድፍ ያሰልፋል። ድጋፉ ከክልል ስም ይልቅ የወረዳንና የትምህርት ቤትን እውነተኛ ሁኔታ ቢከተል ፍትሐዊ ይሆናል።

ለመፍትሔው ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ወጣ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን በቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ያሠለጥን ነበር። ማለትም ይህ ተቋም በልደቱ ጊዜ ትምህርቱን በሽታው ወዳለበት ወስዷል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ስለ ወባና ስለ ካላዛር በመተማ የተሠራው ምርምር የዚሁ ልማድ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በጀመረው የአሥር ዓመት መርሐ ግብር በተለይ አካል ጉዳተኛ ለሆኑ ወጣቶች የታሰበ የ450 ተማሪዎች ነፃ ትምህርት ታቀደ፤ እስከ 60 የሚደርሱ መምህራንም በኩዊንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት እንዲከታተሉ ታሰበ። የዚህ አሠራር ብልሃት ሁለቱን ማያያዙ ነው። ተማሪውን አስገብቶ መምህሩን እንደ ነበረ አልተወም። የሚቀበለውንም፣ የሚገባውንም አብሮ አሰበ።

ለመተማ ቆላም ተመሳሳይ አሠራር ይቻላል። አንደኛ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ለምርምር ዝንባሌ ያላቸውን የቆላ ተማሪዎች ለይቶ በአማካሪ መምህር ሥር ማሳደግ። ሁለተኛ፣ ለረዳት ምሩቅ ቅጥር ሲወዳደሩ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ውጤትና የመመረቂያ ጽሑፉን ጥራት መመዘን፤ ርእሱ በሚጠይቅበት የትምህርት ክፍል ደግሞ ጉሙዝኛን ወይም የሱዳን ዐረብኛን ማወቅ ግዕዝን እንደ ማወቅ ያለ የሙያ ብቃት አድርጎ መቁጠር። ሦስተኛ፣ የዶክትሬት ተማሪው ቤተሰቡን እየደጎመ እንደሚማር ተገንዝቦ የመስክ ሥራ ወጪውን በጊዜው መልቀቅ። ወጪው ሲዘገይ ትምህርቱን ቀድሞ የሚያቋርጠው ቁጠባ የሌለው ነውና።

«ደረጃችን ይወርዳል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከቅን ልብ የሚነሣ ሥጋት ነው። ነገር ግን የዶክትሬት ደረጃ የሚጠበቀው በድርሳኑ ጥራትና በመከላከያው ቀን ነው፤ እዚያ ላይ አንዳች መቀነስ የለበትም። እኔ የምጠይቀው ወደዚያ ቀን የሚወስደው መንገድ ለሁሉም የሚያደርስ እንዲሆን ነው። ሌላም ሥጋት አለ። የቆላውን ልጅ ካስተማርን በኋላ «አንተ ስለ ራስህ ሕዝብ ብቻ ጻፍ» ብለን እንዳንከለክለው። ከፈለገ ስለ አክሱም፣ ከፈለገም ስለ ከዋክብት ይመራመር። ባሕሩ ዘውዴ ስለ ጠረፍ የጻፉት የጠረፍ ሰው መሆን ግድ ሆኖባቸው አልነበረም። ያ ነፃነት ለሁሉም ይገባል።

በብዙ ድርሳኖቻችን መግቢያ ላይ አንድ ገጽ ምስጋና አለ። በዚያ ገጽ ለመንገድ መሪው፣ ለአስተርጓሚው፣ ሌሊቱን ሙሉ ታሪክ ላወጉን አዛውንት ምስጋና እናቀርባለን። ብዙውን ጊዜ የቆላው ሰው ስም የሚገኘው እዚያ ነው። አዛውንቱ ሲያልፉ ያወጉት ታሪክ በሌላ ሰው ትርጉም ብቻ ይቀራል፤ ያንን ቋንቋ በአፉ የሚናገር፣ ሰነዱንም በዓይኑ የሚመረምር ሊቅ ካላፈራን፣ የመተማን ታሪክ ግማሹን ብቻ እየጻፍን እንቀጥላለን። ስለዚህ በየትምህርት ክፍላችሁ ለሚቀጥለው ዓመት የቅጥር መስፈርት ስታዘጋጁ፣ ይህን ከምስጋና ገጽ ወደ ሽፋን ገጽ የሚወስደውን መንገድ እንድታስቡበት እጠይቃለሁ።