ብርሃኑ ነጋ

ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ (እ.ኤ.አ. በ1958 ተወለዱ) ኢትዮጵያዊ የምጣኔ ሀብት ምሁርና ፖለቲከኛ ሲሆኑ፣ ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የትምህርት ሚኒስትር ናቸው። ወደዚህ ኃላፊነት ከመምጣታቸው በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ፣ የፖለቲካ እስረኛ እና የትጥቅ ትግል ያወጀ ድርጅት መሪ ነበሩ። የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ (ኢዜማ) መሪ ሆነውም አገልግለዋል።

የመጀመሪያ ሕይወትና ትምህርት

ብርሃኑ ነጋ የተወለዱት በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ነው። ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የደርግ መንግሥት በተማሪዎች ላይ የኃይል እርምጃ በሚወስድበት ዘመን ነበር። የኢሕአፓ ደጋፊ ስለነበሩ ከተማውን ትተው ድርጅቱ ወደሚንቀሳቀስበት የትግራይ ተራራማ አካባቢ ሄዱ። በዚያም ከአመራሩ ጋር በሐሳብ በመለያየታቸው በራሱ በድርጅቱ ታስረው ነበር። ከዚያም ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከሱዳን ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኒው ፓልዝ፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው ኒው ስኩል ፎር ሶሻል ሪሰርች በምጣኔ ሀብት ሠርተዋል። ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኘው በክኔል ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል።

የምሁርነት ሥራ በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት መምህር ሆኑ፤ በንግድ ሥራም ተሰማርተዋል። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩ ሲሆን፣ በማኅበሩ ሥር የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ምርምር ተቋም መርተዋል። ተቋሙ በመሬት ይዞታ፣ በግብርናና በድህነት ላይ የሚያወጣቸው ጥናቶች የመንግሥትን ፖሊሲ በአደባባይ ለመወያየት መነሻ ሆነው ነበር።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሥቶ ወደ ከተማው ሲዛመት፣ ተማሪዎቹን አነሣሥተዋል ተብለው ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ጋር ታሰሩ። ሁለቱ ከመታሰራቸው በፊት ስለ አካዳሚክ ነፃነት በተዘጋጀ መድረክ ላይ ለተማሪዎች ንግግር አድርገው ነበር። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በዋስ ተለቀዋል።

ምርጫ 97 እና እስር

ብርሃኑ ነጋ ቀስተ ደመና የተባለውን ፓርቲ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ቀስተ ደመና ከሌሎች ሦስት ፓርቲዎች ጋር ሆኖ ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲን (ቅንጅት) ፈጠረ። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ብርሃኑም ለከተማዋ ከንቲባነት ተመረጡ። ሆኖም የምርጫው ውጤት ባስነሣው ውዝግብ ምክንያት ሥልጣኑን ሳይረከቡ ቀሩ።

በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከሌሎች የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት አባላት ጋር ታስረው በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ቆዩ። «የነጻነት ጎህ ሲቀድ» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት በዚህ እስር ወቅት ነው። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው ከቀናት በኋላ በይቅርታ ተፈቱ።

ስደትና የትጥቅ ትግል

ከእስር እንደወጡ ወደ አሜሪካ ሄደው በበክኔል ዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ2000 ዓ.ም. ከአንዳርጋቸው ጽጌ እና ከሌሎች ጋር በምርጫው ቀን የተሰየመውን የግንቦት 7 ንቅናቄ መሠረቱ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሌሉበት የሞት ፍርድ ፈረደባቸው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ንቅናቄውን በአሸባሪነት ፈረጀ። አንዳርጋቸው በ2006 ዓ.ም. የመን ውስጥ ተይዘው ለኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፈው ከተሰጡ በኋላ፣ ብርሃኑ በ2007 ዓ.ም. የመምህርነት ሥራቸውን ትተው የንቅናቄው ታጣቂዎች ወደሚገኙበት ኤርትራ ሄዱ።

በ2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ምክር ቤቱ የአሸባሪነት ፍረጃውን አነሣ። ብርሃኑም በዚያው ዓመት በጳጉሜ ወር አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 7 ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ተዋሕዶ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ኢዜማ ሲመሠረት የፓርቲው መሪ ሆነው ተመረጡ። ኢዜማ በ2013ቱ ምርጫ ያገኘው የፓርላማ መቀመጫ 4 ብቻ ነበር።

የትምህርት ሚኒስትርነት

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባቋቋሙት ካቢኔ ከተካተቱት ሦስት የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት አንዱ ነበሩ፤ ሌሎቹ የአብኑ በለጠ ሞላ እና የኦነጉ ቀጀላ መርዳሳ ናቸው።

በሚኒስትርነታቸው ይበልጥ የሚታወቁት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ባደረጉት ለውጥ ነው። ፈተናው ቀድሞ ተማሪዎች በሚኖሩበት አካባቢ ይሰጥ ስለነበር የፈተና ስርቆትና ኩረጃ ተስፋፍቶ ነበር። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈታኞች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም 50 በመቶና ከዚያ በላይ እንዲያመጡ ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር በአማራ ክልል ባሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን አቋርጠው ወጥተዋል።

50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች ድርሻ፦

2014 ዓ.ም. – 3.3 በመቶ
2015 ዓ.ም. – 3.2 በመቶ
2016 ዓ.ም. – 5.4 በመቶ
2017 ዓ.ም. – 8.4 በመቶ

በመጀመሪያው ዓመት ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ሚኒስትሩ ውጤቱ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረውን የትምህርት ጥራት ችግር ያሳያል ሲሉ፣ ተቺዎች በበኩላቸው መምህርና መጽሐፍ ያልተሟላላቸው፣ በጦርነት የተጎዱ አካባቢዎች ተማሪዎች የሥርዓቱን ጥፋት እንዲሸከሙ ተደርገዋል በማለት ይከራከራሉ። ከመቁረጫው በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ወስደው ሌላ ዕድል እንዲያገኙ ተደርጓል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተሰጥቶ ከተፈታኞቹ 40.65 በመቶው አልፈዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ የሆነውና ትምህርት ቤቶችን በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ለማደስ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ የተጀመረውም በእርሳቸው ዘመን ነው።

መጻሕፍት

የነጻነት ጎህ ሲቀድ
ዴሞክራሲና ሁለንተናዊ ልማት በኢትዮጵያ