የኔጋቲቭ ቀለም ዳኝነት፤ ከጅማና ከአካባቢዋ የቡና ከተሞች አንጻር

የፎቶግራፍ ታሪክ በአገራችን ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ ነው። የቦያጂያን ቤተሰብ በአዲስ አበባ ያነሣቸው የነገሥታትና የመኳንንት ፎቶግራፎች፣ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙትና ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን የያዘው መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ናቸው። ይህ ሁሉ ግን በአመዛኙ የጥቁርና ነጭ ዘመን ቅርስ ነው። ባለቀለም ፊልም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በቦንጋ ከነበሩት ሰዎች እጅ የገባበት ዘመን ታሪክ የተቀመጠው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ይኸውም የሠርጉ፣ የምረቃውና የቡና ለቀማው ትዝታ በፖስታ እንደ ታሸገ ብርቱካናማ መልክ ባለው ፊልም ላይ ይገኛል።

ዛሬ ይህን ፊልም በቤት ውስጥ በስካነር ወይም በዲጂታል ካሜራ ማንሣትና ገልብጦ ማየት ቀላል ሆኗል። የሚያስቸግረው ቀለሙ ነው። የሰው ፊት ሰማያዊ ጥላ ያጠላበታል፤ ቀይ አፈሩ አመድ ይመስላል፤ የቡናው ጫካ አረንጓዴነቱን ያጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ፊልሙ አመጣጥ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 የተከናወነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጁን 1931 ዕትም በባለቀለም ፎቶግራፍ ወጥቷል። በዚያ ዘመን በሥራ ላይ በነበረው ዘዴ ቀለሙ የሚገኘው በመስተዋቱ ላይ ስለሆነ፣ የኋላ ሰው ፎቶግራፉን ከመስተዋቱ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1942 የኮዳክ ኩባንያ ኮዳከለር የተባለውን ኔጋቲቭ ፊልም ለገበያ ሲያቀርብ ግን ይህ ምስክርነት ተቋረጠ። በኔጋቲቭ ላይ ቀዩ እሸት ቡና አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ቅጠሉም ሐምራዊ ቀይ ሆኖ ይቀመጣል። እውነተኛው ቀለም የሚወለደው ወረቀት ላይ በሚታተምበት ጊዜ ነው።

ብርቱካናማው መልክ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በፊልሙ ሦስት ንጣፎች ውስጥ የሚፈጠሩት ቢጫ፣ ማጀንታና ሳያን ቀለሞች ንጹሕ አይደሉም። ማጀንታው አረንጓዴውን ብርሃን ብቻ መዋጥ ሲገባው ሰማያዊውንም ይነካል፤ ሳያኑም እንዲሁ ከቀዩ አልፎ ወደ ሌሎቹ ይደርሳል። የኮዳክ ባለሙያዎች በ1940ዎቹ ዓመታት ለዚህ መፍትሔ አገኙ፤ በንጣፎቹ ውስጥ ቀድሞውኑ ቀለም ያለው ውሁድ ጨመሩና፣ ብርሃን ያልነካው ክፍል ይህን ቀለም እንደ ያዘ እንዲቀር አደረጉ። ስለዚህ ብርቱካናማው ሽፋን የፊልሙ ጉድለት ማረሚያ ነው፤ እንደ እድፍ የሚቆጥረው ሰው ከመጀመሪያው ይስታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሲ-41 የተባለው የእጥበት ሥርዓት በወጣ ጊዜ ፊልም ማጠብ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ መጣ፤ ማውጫው 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜውም 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው። ማተሙ ግን በሰው ዳኝነት ሥር ቀረ። ዳኛው መሣሪያውን የሚያስተካክልበት ካርድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበረ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ኩባንያው ፊልሙ ለጥቁር ቡናማ ቀለማት ያለውን ድክመት እንዲያርም ከገፋፉት መካከል የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች አቤቱታ ይገኝበታል። የጥቁር ሰው ፊት ያላስገኘውን መሻሻል ቸኮላት አስገኘ ማለት ነው።

ዛሬ የአታሚውን ስፍራ የያዘው የስካነሩ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ግምት፣ የአንድ ፎቶግራፍ ቀለማት በአማካይ ግራጫ ይሆናሉ የሚል ነው። ይህ ግምት ለከተማ ጎዳና ሊያገለግል ይችላል። በጌራ ጫካ ውስጥ ለተነሣ ፎቶግራፍ ግን አይሆንም፤ አማካዩ አረንጓዴ ስለሆነ ፕሮግራሙ አረንጓዴውን ለማጥፋት ሲል የለቃሚዎቹን ፊት ያቀላል። መሣሪያው እዚህ አልተበላሸም፤ የተሰጠው መለኪያ የእኛን አገር መልክ አያውቅም።

ስለዚህ በቤት የሚሠራ ሰው መለኪያውን ከፊልሙ ከራሱ ሊወስድ ይገባል። በመጀመሪያ የፕሮግራሙን አውቶማቲክ ማስተካከያ ዘግቶ፣ ኔጋቲቩን እንዳለ በ16 ቢት ያንሣ። ብርቱካናማው ሽፋን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ለሰማያዊው የብርሃን መቀበያ ጊዜ ይጨምር። ቀጥሎ ብርሃን ያልነካውን የፊልሙን ጠርዝ ለክቶ፣ የቀዩን፣ የአረንጓዴውንና የሰማያዊውን ዋጋ እያንዳንዱን በጠርዙ ዋጋ ያካፍል፤ የሚገለብጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሳያካፍል የገለበጠ ሰው ሰማያዊ ጥላውን በኋላ ለማስወገድ ብዙ ይደክማል። ሦስቱ ንጣፎች ያላቸው የንጽጽር መጠን እኩል ስላልሆነ፣ ጨለማው ክፍልና ብሩሁ ክፍል ለየብቻ ይታያሉ። በመጨረሻም ለአንድ ጥቅል ፊልም አንድ ማስተካከያ ብቻ ይኑር። የጫካው ፎቶ ከነጭ ነጠላው ፎቶ ጋር በአንድ መለኪያ ሲገለበጥ፣ ነጠላው ጫካውን ያርመዋል።

ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እርጥበቱ ለቡናው በረከት ሲሆን ለፊልሙ ጄላቲን ግን ሻጋታ ነው። ቀለሞቹም በእኩል አይደበዝዙም፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ከሳሳ በአንድ ማስተካከያ የሚመለስ ቀለም አይኖርም። ፊልሙ ከፕላስቲክ ከረጢት ወጥቶ በወረቀት ፖስታ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ሊቀመጥ፣ ያልተገለበጠው የመጀመሪያው ፋይልም ከተስተካከለው ጋር ሊጠበቅ ይገባል፤ ነገ የተሻለ ዳኛ ሊመጣ ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠርዙ የማይፈታው ጥያቄ ይቀራል። የሙሽራዋ ቀሚስ ምን ዓይነት ቀይ ነበር? የመደብሩ በር ሰማያዊ ነበር ወይስ አረንጓዴ? ይህን የሚያውቁት በፎቶው ላይ ቆመው የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ብዙዎቹ በአጋሮና በሊሙ በሕይወት አሉ። የሙያ ባልደረቦቼ ስካነራቸውን ከመክፈታቸው በፊት አንድ እርሳስ ይዘው ወደ እነዚህ አባቶችና እናቶች ይሂዱ፤ የሚሏቸውንም ቀለም በፖስታው ላይ ይጻፉ።