ሕገወጡ የልጅ ልጅ

በ1973 መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ የኢስት ክሊቭላንድ ከተማ አስተዳደር ሙር ለተባሉ ወይዘሮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤው ጣሪያው ያፈሳል ወይም አጥሩ መንገድ ገፍቷል የሚል አልነበረም። አብሯቸው የሚኖረው የልጅ ልጃቸው «ሕገወጥ ነዋሪ» ስለሆነ ደንቡን ያክብሩ የሚል ነው። ልጁ እናቱ ስትሞት ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ያደገው በአያቱ እጅ ነው። በቤቱ ሌላ ወንድ ልጃቸውና የእርሱ ልጅም ይኖራሉ። ጥፋቱ የተገኘውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሕፃናት የወንድማማች ልጆች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ይባላል። የከተማው ደንብ ግን ልዩነቱን አጥብቆ ይቆጥር ነበር። ወይዘሮዋ ልጁን አላስወጣም አሉ፤ የ5 ቀን እስራትና የ25 ዶላር መቀጮ ተፈረደባቸው።

መሬት ለምን እንደሚውል ሊወስን የወጣ ደንብ እንዴት ሕፃን የሚተኛበት ጓዳ ድረስ ገባ? ነገሩን ለመረዳት ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትርም ወደ ጎረቤት መንደር መሄድ ያስፈልጋል። መንደሯ ዩክሊድ ትባላለች። ስሟን ያወጡላት ቀያሾች ናቸው፤ የወሰዱትም ከግሪኩ የጂኦሜትሪ ሊቅ ነው።

የዩክሊድ ምክር ቤት ኖቬምበር 13 ቀን 1922 ባጸደቀው የዞን ደንብ መንደሩን በስድስት የአጠቃቀም ምድቦች ከፈለ። የመጀመሪያው ምድብ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ፣ ለመናፈሻና ለእርሻ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ይጨምራል። አፓርታማ፣ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በሦስተኛው፣ ባንክና ሱቅ በአራተኛው ተመደቡ። እያንዳንዱ ምድብ ከበላዩ ያለውን ይፈቅዳል፣ ከበታቹ ያለውን ይከለክላል። ዝርዝሩን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው ትልቁ ጉዳይ ያለው ከካርታው ይልቅ በቃላቱ ውስጥ ነው። በረት እንኳ ትርጉም ተሰጥቶታል፤ ከአምስት በላይ ፈረስ፣ ጋሪ ወይም የጭነት መኪና የሚይዝ ከሆነ ከአይስክሬም ፋብሪካና ከልብስ ማጠቢያ ጋር አምስተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል። በስድስተኛው ደግሞ መካነ መቃብር፣ የአውሮፕላን ሜዳ፣ እስር ቤትና ማናቸውም ፋብሪካ ጎረቤት ሆነዋል። አርቃቂዎቹ ምን አስበው ሙታንን ከአውሮፕላን ጋር እንዳስቀመጧቸው መገመት ለአንባቢው ይተው።

አምብለር የተባለ የመሬት ኩባንያ በመንደሩ 68 ኤከር (27 ሄክታር ተኩል ገደማ) ነበረው። መሬቱ ከዋናው ጎዳና እስከ ባቡር ሐዲዱ ይደርሳል፤ ኩባንያውም ለፋብሪካ ሊሸጠው ያስብ ነበር። ደንቡ ግን ከጎዳናው ጀምሮ ያለውን 620 ጫማ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ጣለው። ኩባንያው ባቀረበው ክስ መሠረት ለፋብሪካ ቢሆን ኤከሩ 10,000 ዶላር የሚያወጣው ቦታ ለመኖሪያ ሲሆን ከ2,500 አይበልጥም። ጠበቃው የቀድሞው የጦር ሚኒስትር ኒውተን ቤከር ነበሩ። በ1924 የፌዴራሉ ዳኛ ዌስተንሄቨር ለኩባንያው ፈረዱ። ደንቡ በተግባር ሰውን በገቢውና በኑሮ ደረጃው ለያይቶ የሚያሰፍር ነው ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ዘመን ጽሑፎች ሁሉ አርቆ ያየ ይህ ይመስለኛል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 22 ቀን 1926 ውሳኔውን በ6 ለ3 ሻረው። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሰዘርላንድ ስለ ፋብሪካው ብዙም አልተጨነቁም፤ ብዕራቸው የጠነከረው በአፓርታማ ላይ ነው። አፓርታማ የአንድ ቤተሰብ ቤቶች የፈጠሩትን ክፍት ቦታና ማራኪ አካባቢ እየመጠጠ የሚኖር ጥገኛ ነው አሉ። በዚህ ፍርድ «የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ» የሚለው ምድብ ጸና። ቤተሰብ ማን እንደሆነ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአምብለር መሬት ላይ ፋብሪካ ተሠራ፤ ኩባንያው የጠየቀው በፍርድ ባይሆን በጊዜ ተፈጸመ።)

ጥያቄው የመጣው በ1974 ከኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ነው። 220 ያህል ቤቶች ያሏት ቤል ቴር የምትባል መንደር በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የማይዛመዱ ሰዎች ከሁለት በላይ ከሆኑ ቤተሰብ አይባሉም የሚል ደንብ ነበራት። አንድ ቤት ስድስት ተማሪዎች ተከራይተው ገቡበት፤ መንደሯ ደንቡን እንዲያከብሩ ስታዝ የቤቱ ባለቤቶች መንደሯን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ለመንደሯ ፈረደ።

ኢስት ክሊቭላንድ ይህን ፍርድ ተመርኩዛ ነበር ከወይዘሮ ሙር ጋር የተከራከረችው። ሜይ 31 ቀን 1977 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ተሸነፈች። ዳኛ ፓወል ለአራት ዳኞች ሲጽፉ፣ አያት፣ አክስት፣ አጎትና የአጎት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር በአሜሪካ ሥር የሰደደ ልማድ ነው አሉ። አምስተኛውን ድምፅ የሰጡት ዳኛ ስቲቨንስ በሌላ ምክንያት ነው፤ ለእርሳቸው ጉዳዩ ወይዘሮዋ እንደ ቤት ባለቤት በገዛ ቤታቸው ያላቸው መብት ነበር። ዳኛ ብሬናን ደግሞ ከነጮች ይልቅ በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ እንዲህ ያለው አኗኗር የተለመደ መሆኑን አስታወሱ። ኢስት ክሊቭላንድ ራሷ አብዛኛው ሕዝቧ ጥቁር የሆነ ከተማ ነበረች።

በወይዘሮ ሙር ላይ የተላለፈው ቅጣት ተሻረ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1980 በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ላይ ተመሥርቶ የማይዛመዱ ሰዎችን የሚለይ ደንብ አፈረሰ። የቤል ቴር ፍርድ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም።