ማን ከማን ጋር ይቀዝፋል?
በእንግሊዝ አገር የጀልባ ቀዘፋ ማኅበራትና የአባልነት ጥያቄ ታሪክ

መግቢያ

በቴምስ ወንዝ ዳር የሚገኙት የጀልባ ቀዘፋ ማኅበራት ሥራ እሽቅድድም ብቻ አይደለም። የዓመቱ ራት ግብዣ፣ የዳንስ ምሽት፣ የአዲስ አባሎች መቀበያ ሻይ፣ ለአዲስ ጀልባ ስም የሚወጣበት በዓል፣ የእሑድ ሽርሽር፣ ይህ ሁሉ ከእሽቅድድሙ ጋራ ጐን ለጐን የሚሄድ የማኅበር ኑሮ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የማኅበር ኑሮ ከስፖርቱ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ፣ ማለት በዋናው ነገር ላይ የተጨመረ ትርፍ አድርገው ይመለከቱታል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። በእንግሊዝ አገር ለስድሳ ዓመት ያህል ማን በጀልባው ይቀመጣል የሚለውን ጥያቄ የወሰነው፣ ማን በማዕዱ ይቀመጣል የሚለው ሐሳብ ነበር። በሩ የተዘጋው በማዕዱ ምክንያት ነው፤ መከፈት የጀመረውም ከማዕዱ በኩል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

፩፤ የወንዙ ጀልበኞች

በጥንቱ ሎንዶን ዋናው መንገድ ወንዙ ነበር። በከተማይቱ ለረጅም ዘመን አንድ ድልድይ ብቻ ስለ ነበረ፣ ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ለመሻገርም ሆነ ከቤተ መንግሥት ወደ ገበያ ለመሄድ ሰው ሁሉ በኪራይ ጀልባ ይጓዝ ነበር። ጀልበኞቹም በ1555 ዓ.ም. ፓርላማ ባወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ማኅበር ተጠቃለሉ። ሙያው በልምምድ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ወጣቱ በአንድ አዋቂ ጀልበኛ ሥር ዓመታት ሠርቶ ሲጨርስ ብቻ በራሱ ስም መቅዘፍ ይፈቀድለት ነበር።

በእነዚህ ሰዎች መካከል እስከ ዛሬ ድረስ የሚደረግ አንድ እሽቅድድም በ1715 ዓ.ም. ተጀመረ። መሥራቹ ቶማስ ዶጌት የተባለ ተዋናይ ነው። ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ በዙፋን የተቀመጠበት ዘመን እንዲታሰብ ብሎ ልምምዳቸውን ለጨረሱ ወጣት ጀልበኞች ካባና የብር ምልክት ሽልማት አደረገ። ውድድሩም ከሎንዶን ድልድይ እስከ ቼልሲ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር የቀዘፋ እሽቅድድም መሠረቱ የጌቶች ጨዋታ ሳይሆን የእንጀራ ሥራ መሆኑን ከመጀመሪያው ልብ ልንለው ይገባል።

ከዚያ በኋላ በ1750 ዓ.ም. የዌስትሚንስተር ድልድይ ተከፈተ፤ ሌሎችም ድልድዮች ተከተሉት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ደግሞ የእንፋሎት መርከብና የባቡር ሐዲድ ሲመጡ የጀልበኛው ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። ከጀልበኞቹም ብርቱ ብርቱዎቹ በገንዘብ በሚደረግ ውድድር መተዳደር ጀመሩ። ሕዝቡም በወንዙ ዳር እየተሰበሰበ ይመለከትና ይወራረድ ነበር። ከእነዚህም መካከል ስሙ የገነነው የኒውካስሉ ሰው ሃሪ ክላስፐር ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ በድንጋይ ከሰል ማውጫ ጕድጓድ የሠራ፣ ኋላም የመርከብ አናጢ የሆነ ነው። ከጀልባዋ ጐን ወደ ውጭ ወጣ ብሎ መቅዘፊያውን የሚሸከመውን ብረት አሻሽሎ፣ ጀልባዋ ጠባብና ፈጣን እንድትሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። በ1870 ዓ.ም. ሲሞት ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ መንገዱን አጥለቅልቆት ነበር።

፪፤ የ1879ኙ ደንብ

በዚሁ ዘመን ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ቀዘፋን የወጣት ጌቶች ትምህርት አድርገው ያዙት። ሊአንደር የተባለው ስመ ጥር ማኅበር በ1818 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ። የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ውድድር በ1829 ዓ.ም.፣ የሄንሊ እሽቅድድም ደግሞ በ1839 ዓ.ም. ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጌቶቹን የሚያሠለጥኑት፣ አንዳንድ ጊዜም መሪውን ጨብጠው የሚመሯቸው እነዚያው ጀልበኞች ነበሩ። ጌታው ከባለ ሙያው ይማር ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ማኅበራቱ እየበዙና እየተከበሩ ሲሄዱ በመካከሉ አጥር ይሠራ ጀመር። በ1879 ዓ.ም. የሄንሊ አስተዳዳሪዎች አማተር ማን እንደ ሆነ የሚወስን ደንብ ተቀበሉ። አማተር ማለት በቃሉ ትርጕም ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚጫወት ሰው ነው። ደንቡም ለገንዘብ የተወዳደረን፣ ስፖርት በማስተማር የሚተዳደርን፣ በጀልባ ሥራ ደመወዝ የሚያገኝን ሰው አማተር አይደለም ይላል። እስከዚህ ድረስ ምክንያቱ ይገባናል። የመጨረሻው አንቀጽ ግን ከዚህ አልፎ በእጁ ሥራ ደመወዝ የሚያገኝን ወይም ቀድሞ ያገኘን ሁሉ፣ ባለ እጅም ሆነ የቀን ሠራተኛ፣ ከአማተርነት ያስወጣል። በ1882 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማተር ቀዛፊዎች ማኅበርም ይህንኑ ሐሳብ ሕጉ አደረገው። ባለ እጅ መሆን እንደ ነውር ሲቈጠር ምን ማለት እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ በብዙ ቃል ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

የደንቡ ደጋፊዎች ሁለት ምክንያት ያቀርቡ ነበር። አንደኛው፣ በጕልበቱ የሚሠራ ሰው ክንዱ የጠነከረ ስለ ሆነ በጽሕፈት ቤት ከሚውል ሰው ጋራ ቢወዳደር ፍርደ ገምድል ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ውርርድና ማጭበርበር ስፖርቱን እንዳያበላሹት መከላከል ያስፈልጋል የሚል ነው። እኒህን ምክንያቶች በጥሞና ብንመረምራቸው አይጸኑም። ቀኑን ሙሉ ግንብ ሲገነባ የዋለ ሰው ማታ ደክሞ ወደ ወንዝ ሲወርድ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለልምምድ ሊያውለው ይችላል፤ ታዲያ ብልጫው ያለው በማን ዘንድ ነው? ስለ ውርርድም ቢሆን፣ በገንዘብ የሚወዳደሩትን የሚከለክሉት የቀደሙት አንቀጾች ይበቁ ነበር። አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል በትርፍ ሰዓቱ የሚቀዝፈውን አናጢ መከልከል ውርርድን አያጠፋም።

እንግዲህ እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር? ይህን ለማወቅ ቀዘፋን ክሪኬት ከተባለው የእንግሊዞች የኳስ ጨዋታ ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። በክሪኬት ጌታውና ደመወዝተኛው ተጫዋች በአንድ ቡድን አብረው ይጫወቱ ነበር፤ ዳሩ ግን በብዙ ሜዳዎች ልብስ የሚለውጡበት ክፍል ልዩ ልዩ ነበር፤ ወደ ሜዳ የሚገቡበትም በር እንዲሁ። ጌቶችና ደመወዝተኞች እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙበት ጨዋታም እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ቈይቷል። በሜዳ አንድ ሆኖ በማዕድ መለያየት ይቻል ነበር። በጀልባ ግን ይህ አይመችም። ስምንት ሰዎች ጕልበት ለጕልበት ተጠጋግተው በአንድ ትንፋሽ ይቀዝፋሉ፤ ጀልባዋን በትከሻቸው አብረው ያወጣሉ፤ በአንድ ቤት ልብስ ይለውጣሉ፤ ከውድድሩም በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ አብረው ራት ይበላሉ። በጀልባ የተቀበሉትን ሰው ከማዕድ ማራቅ ስለማይቻል፣ ከማዕድ ሊያርቁት የፈለጉትን ሰው ከጀልባውም ከለከሉት። የደንቡ ምሥጢር ይህ ይመስለናል።

፫፤ ፈርኒቫልና የእሑድ ጕዞ

ይህን አጥር ከተቃወሙት ሰዎች መካከል ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጕም ያላቸው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ናቸው። ፈርኒቫል በ1825 ዓ.ም. የተወለዱ ሊቅ ሲሆኑ፣ ኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የተባለውን ታላቅ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከመሩት አዘጋጆች አንዱ ናቸው። በ1864 ዓ.ም. ደግሞ የጥንት እንግሊዝኛ መጻሕፍትን የሚያሳትም ማኅበር አቋቁመዋል። የቋንቋ ተማሪ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል፤ ቀዛፊ መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን የሠራተኞች ኮሌጅ ሲከፈት ፈርኒቫል ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። የሚያስተምሩት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርት በክፍል ብቻ የሚያልቅ አይመስላቸውም ነበር። ስለዚህ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሻይ ይጠጡ፣ ዳንስ ያዘጋጁ፣ እሑድ እሑድም በእግርና በጀልባ ከከተማ ወጥተው ይውሉ ነበር። ይህም ነገር ከኮሌጁ መሪ ከፍሬድሪክ ሞሪስ ጋራ አከራከራቸው። ሞሪስ ቄስ ስለ ነበሩ የእሑድን ቀን በሽርሽር ማሳለፍ አላስደሰታቸውም። ፈርኒቫል ግን ሳምንቱን ሁሉ የሚሠራ ሰው ከእሑድ በቀር ዕረፍት የለውምና በዚሁ ቀን ከወዳጆቹ ጋራ ንጹሕ አየር ቢተነፍስ ይገባዋል ባይ ነበሩ። አስተማሪና ተማሪ፣ ሊቅና አናጢ በአንድ ጀልባ ተቀምጠው መዋላቸው ለእርሳቸው የትምህርቱ ክፍል ነበር።

የአማተር ቀዛፊዎች ማኅበር ሠራተኞችን አላስገባም ባለ ጊዜ፣ በ1890 ዓ.ም. ብሔራዊ የአማተር ቀዛፊዎች ማኅበር የተባለ ሌላ ድርጅት ተቋቋመ። ፈርኒቫልም ከዋነኞቹ ደጋፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ይህ ማኅበር ለገንዘብ የማይወዳደርን ሰው ሁሉ፣ ሥራው ምንም ቢሆን፣ በአባልነት ይቀበል ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት አማተሮች ሆኑ፤ የአንደኛውም ወገን ከሌላው ጋራ እንዳይወዳደር ተከለከለ።

ፈርኒቫል በዚህ አልቆሙም። በኒው ኦክስፎርድ ጐዳና በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ከወዳጆቻቸው ጋራ መቀመጥ የዘወትር ልማዳቸው ነበር። በዚያን ዘመን በሻይ ቤትና በሱቅ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲያገለግሉ ይውላሉ፤ ስፖርት የሚሠሩበት ማኅበር ግን አልነበራቸውም። ሠራተኞች በመሆናቸው አንድ በር፣ ሴቶች በመሆናቸው ሌላ በር ተዘግቶባቸው ነበር። በ1896 ዓ.ም. ፈርኒቫል በሃመርስሚዝ ለእነዚህ ሴቶች የቀዘፋ ማኅበር አቋቋሙ። በ1901 ዓ.ም. ማኅበሩ ወንዶችንም ተቀበለ፤ ስሙም በመሥራቹ ስም ተሰየመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል፤ በሌሎች ማኅበራት ሴቶችን እናስገባ ወይስ አናስገባ ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር፣ በዚህኛው የተጨመሩት ወንዶች ናቸው።

የዚህ ማኅበር ኑሮ ማዕከሉ ዋንጫ አልነበረም። እሑድ ወደ ሪችመንድ በኩል ወንዙን ሽቅብ ይቀዝፋሉ፤ ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። ፈርኒቫልም ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ መቅዘፍ አልተዉም፤ በ1910 ዓ.ም. በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። በሃመርስሚዝ በወንዙ ዳር በስማቸው የተሰየመ የሕዝብ መናፈሻ በ1951 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ማኅበራቸውም እስከ ዛሬ በዚያው ሰፈር ይቀዝፋል።

፬፤ የደንቡ መውደቅ

የ1879ኙ ደንብ በእንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው ቢያስቀይምም፣ ዓለም የሰማው የውጭ አገር ሰዎችን በነካ ጊዜ ነው። በ1920 ዓ.ም. ጆን ኬሊ የተባለ የፊላዴልፊያ ሰው በሄንሊ ለመወዳደር ቢያመለክት አልተቀበሉትም። አንደኛው ምክንያት ማኅበሩ ቀደም ሲል ከሄንሊ ጋራ የተጣላ መሆኑ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ኬሊ ግንበኛ ሆኖ በእጁ የሠራ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት በቤልጅግ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ኬሊ እንግሊዛዊውን ጃክ በርስፎርድን በአንድ ሴኮንድ ያህል ቀድሞ የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ልጁ ኬሊ ትንሹ አባቱ የተከለከለውን የሄንሊን ሽልማት ወሰደ።

በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ወደ በርሊን ኦሊምፒክ የሚሄዱ የአውስትራልያ ስምንት ቀዛፊዎች ለሄንሊ ታላቅ ዋንጫ እንዳይወዳደሩ ተከለከሉ። ምክንያቱም ፖሊሶች ስለ ነበሩና የፖሊስ ሥራ እንደ እጅ ሥራ ስለ ተቈጠረ ነው። ሕግ አስከባሪው ወታደር ከጌቶች ጋራ ለመቅዘፍ አይበቃም መባሉ ለብዙ ሰው አስቂኝም አሳፋሪም ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በ1937 ዓ.ም. ስለ እጅ ሠራተኞች የሚናገረው አንቀጽ ተሠረዘ። ሁለቱም የአማተር ማኅበራት በ1956 ዓ.ም. ተዋሕደው አንድ ሆኑ።

የሴቶቹ በር ግን ከዚህም የበለጠ ዘገየ። ሴቶች የራሳቸውን የቀዛፊዎች ማኅበር በ1923 ዓ.ም. አቋቁመው ሳለ፣ በኦሊምፒክ ቀዘፋ የተወዳደሩት በ1976 ዓ.ም. በሞንትሪያል ነው። ሊአንደርም ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ የሃመርስሚዝ የሻይ ቤት ሠራተኞች ከታላላቆቹ ማኅበራት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የአንድን ማኅበር ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ የዋንጫውን ዝርዝር ብቻ መቍጠር አይበቃውም፤ በራት ግብዣው ማን እንደ ተጠራ፣ ሻዩን ማን ቀድቶ ማን እንደ ጠጣ፣ በእሑዱ ሽርሽር ማን አብሮ እንደ ሄደ መመርመር አለበት። የ1879ኙን ደንብ የጻፉት ሰዎች የማኅበር ኑሮ ኀይል ገብቷቸው ነበር፤ የዘጉትም ስለ ገባቸው ነው። ፈርኒቫልም ያንኑ ኀይል ዐውቀው ለተቃራኒው ዓላማ አዋሉት።

ሁለተኛ፣ ደንቡ ከወረቀት የተሠረዘው በ1937 ዓ.ም. ይሁን እንጂ፣ በተግባር አስቀድሞ የፈረሰው አብረው መቅዘፍና አብረው መብላት በጀመሩ ሰዎች መካከል ነው። በየትኛውም አገር ማኅበር የሚያቋቁም ሰው፣ የስፖርትም ይሁን የትምህርት፣ ደንቡን ከመጻፉ በፊት ማዕዱን ለማን እንደሚዘረጋ ቢያስብ መልካም ነው እንላለን።