የስደተኛው ወፍጮ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ። የዛሬው ወሬዬ ስለ አንዲት ትንሽ የቅመም ወፍጮ ነው። ከጀርመን ተነሥታ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ትገባለች፤ ከዚያ ሽታዋ እኛ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ጉስታቭ ብሩን የሚባል ሰው ነበር። ጀርመናዊ አይሁዳዊ ነው፤ ሙያው ቅመም። ለቋሊማ ሠሪዎች እየፈጨና እያዋሐደ ያስረክብ ነበር። ኅዳር 1938 በጀርመን ምድር ምኩራቦች ነደዱ፣ የአይሁድ ሱቆች መስታወት መንገድ ላይ ረገፈ። ወንዶቹ ሲታፈሱ ብሩንም ታፈሰ፤ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ አስገቡት። ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ አስወጣው። የአሜሪካ ቪዛ አስቀድሞ ይዞ ነበርና ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ባሕር ተሻገረ። ካፈራው ሁሉ ይዞት የወጣው ያቺን ትንሽ ወፍጮ ነው።

ለምን ወፍጮ፣ ትሉኝ ይሆናል። እኔን አይገርመኝም። ከአገር ቤት የምትመጣ እናት ሻንጣዋ ሲከፈት ምን ይወጣል? ልብሱ ከታች ተጣጥፎ፣ ከላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ። ብሩንም እጁ የሚያውቀውን ነው የያዘው።

ባልቲሞር ከጅምላ ዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ቤት ያዘና በ1939 የቅመም ንግዱን ጀመረ። ያ የገበያ ሕንጻ ዛሬ የልጆች ሙዚየም ሆኗል። በዚያን ዘመን ከቼሳፒክ ወሽመጥ የሚወጣው ሰማያዊ ሸርጣን ከመትረፍረፉ የተነሣ መጠጥ ቤቶች ለደንበኛ በነጻ ያቀርቡት ነበር፤ ጨውና በርበሬ የበዛበትን የሚበላ ሰው ቢራውን ይደጋግማላ! ሸርጣን በእንፋሎት እያበሰሉ የሚሸጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅመም አላቸው። ብሩን ዘንድ እየመጡ ይገዛሉ፣ ያስፈጫሉ። እሱም የሁሉንም እያየ ቆየና የራሱን ሊሠራ ተነሣ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የሙያው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ጨው፣ የሰለሪ ዘር፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬ፤ እነዚህ በግልጽ የሚናገሩ ቅመሞች ናቸው፣ ማንም ቀምሶ ይለያቸዋል። ብሩን ግን ከሸርጣን ጋር ምንም የማይገናኙ ነገሮች ጨመረ። ቀረፋ፣ ገውዝ፣ ቅርንፉድ፣ ሁሉንም በጣም በትንሹ። ልጁ ራልፍ በኋላ እንደተረከው ሐሳቡ ተፎካካሪዎች ቀምሰው እንዳይደርሱበት ነበር። ታዲያ እነዚያው ትንንሾቹ ለቅመሙ መዓዛ የሚሰጡት ሆነው ተገኙ።

ሌላም ነገር አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ አትብሉ ይላል። ሸርጣን ሁለቱም የለውም። በዚያ ሕግ ያደገ ሕዝብ ልጅ፣ ሕጉን ሽሽት ሳይሆን ሞትን ሽሽት መጥቶ፣ የባልቲሞርን ግዛት የሜሪላንድን የሸርጣን ማዕድ ጣዕም ሠራላቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ስሙ መጀመሪያ ረጅምና ለአፍ የማይመች ነበር፤ «ጣፋጭ የሽሪምፕና የሸርጣን ቅመም» እንደማለት። ኋላ ኦልድ ቤይ ተባለ። ስሙን ያገኘው ከባልቲሞር ኖርፎክ በወሽመጡ ላይ መንገደኛ ከሚያመላልስ የመርከብ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱን ሰው ሁሉ «ኦልድ ቤይ ላይን» ይለው ነበር። ከዚያ ድርጅት መርከቦች አንዷ በ1928 የተሠራችው ፕሬዚደንት ዋርፊልድ ናት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ይህች የወሽመጥ መርከብ ተገዝታ ስሟ ተለወጠ፤ ኤክሶደስ 1947 አሏት፣ ዘፀአት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ከፈረንሳይ ጠረፍ ከ4,500 በላይ ከናዚ እልቂት የተረፉ አይሁዶችን ጭና ወደ ፍልስጥኤም ስትሄድ እንግሊዞች ያዟት፤ ሰዎቹንም መልሰው እዚያው ጀርመን ምድር አወረዷቸው። እንግዲህ ስደተኛው ሰውዬ የቅመሙን ስም ከወሰደበት ድርጅት የወጣች መርከብ፣ የእሱኑ ወገኖች ተሸክማ ነበር። ሁለቱን ነገሮች ሆን ብሎ ያገናኛቸው የለም።

በ1990 ማኮርሚክ የተባለው የዚያው የባልቲሞር ቅመም ኩባንያ ኦልድ ቤይን ገዛው። ልኩ እስከ ዛሬ ምሥጢር ነው።

አሁን ወደ ቤቴ እንግባ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እናቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀኝ መጥታ ሦስት ወር ተቀምጣ ነበር። የጣና ዳር ሴት ናት፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ዓይኑን ዓይታ ስንት ቀን እንዳደረ የምትነግርህ። አንድ ቅዳሜ የኦልድ ቤይን ቢጫና ሰማያዊ ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደች፣ መዳፏ ላይ ነሰነሰች፣ አሸተተች፣ በምላሷ ጫፍ ቀመሰች።

«ገውዝ አለው» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ቅርንፉድም አለ፤ ተደብቋል እንጂ።»

ቆርቆሮው ላይ በስም የተጻፉት የሰለሪ ጨው፣ ቀይ በርበሬ፣ ቁንዶ በርበሬና ፓፕሪካ ናቸው፤ የቀረው «ቅመማ ቅመም» ተብሎ ታልፏል። ሰውዬው የደበቀውን እናቴ በአፍንጫዋ አገኘችው። እኔም የወፍጮዋን ታሪክ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ልጆቹ አብረውት ወጡ?»

«ወጥተዋል፣ እማዬ።»

«ተመስገን። በል ተነሥ፣ ቅመሙን እንግዛና እንሥራው። የቆርቆሮ ቅመም ሲከርም ነፍሱ ይወጣል።»

የሰለሪ ዘር ከሕንድ ሱቅ አመጣሁ። ሰሃን ላይ ስዘረግፈው፣ «ይኼማ ነጭ አዝሙድ ነው!» አለች። እውነትም ዓይን አይለያቸውም፤ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፣ ድንብላልም እንስላልም ከዚያው ቤት። አፍንጫዋ ስታስጠጋው ግን መለሰችው። ነጭ አዝሙድ ጉሮሮ ይይዛል፤ ይኼኛው እንደ እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ከኋላው ትንሽ ምሬት አለው። ያንን ምሬት ነው ጨው የሚፈልገው።

መሠረቱን እንዲህ ጣልነው። ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የሰለሪ ዘር 1፣ ፓፕሪካ 1፤ ፓፕሪካ የማያቃጥል ቀይ በርበሬ ነው፣ ሥራው ቀለም ነው። ሰናፍጭ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ 1። ለማቃጠያ እናቴ ከሻንጣዋ የወጣ ሚጥሚጣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጣለችበት፤ ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው ስላለ ከጨዉ ቆንጠር አድርጋ ቀነሰች።

የሰለሪ ዘሩን በለሰለሰ እሳት አመስ አመስ አድርጋ አወጣችው። ሰናፍጩንም ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። ሰናፍጭ ኃይሉ የሚነሣው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው፤ እሳት ከመታው ያ የሚያስነሣው ነገር ይሞታል፣ ዓሣው ላይ ቢነሰነስ አፍንጫ አይነካም። ጥሬውን ይፈጫል።

ያደከመን ደረቁ ቅጠል ነው፤ ጣሊያኖች አሎሮ የሚሉት፣ ሱጎ ውስጥ የሚገባው። 6 ቅጠል ነበር። ቢወቀጥ ይለመጣል እንጂ አይደቅም። እንደገና ምድጃ ውስጥ አደረቅነው፣ አከርካሪውን ቀድደን ጣልን፣ ቡና መፍጫ ውስጥ ከጨው ጋር ፈጨነው። ጨው ጠጠር ስለሆነ ቅጠሉን ይፈጭልሃል። ከዚያ በወንፊት። በወንፊት ያላለፈው ተመልሶ ይፈጫል፤ እናቴ ሦስት ጊዜ መለሰችው።

ቀጥሎ የተደበቁት መጡ። ዝንጅብል ሩብ የሻይ ማንኪያ። ገውዙን ሁለት ጊዜ ብቻ ሞረድነው። ቅርንፉድ 3 ራስ፤ አራተኛው ከገባ ዓሣው ሻይ ይሆናል። ቀረፋ በጥፍር ጫፍ። ፈረንጆቹ ሄል ይጨምራሉ፤ እናቴ አንድ ኮረሪማ ፈለፈለችና ከዘሮቹ አራት ለይታ ሙቀጫው ውስጥ ጣለች። ኮረሪማ ጭስ ጭስ ይላል፤ ስለዚህ ከሄል ማነስ አለበት።

ወዲያው እንዲቀመስ አልፈቀደችም። ቅመሙ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን አደረ። ሰኞ ማታ ስንከፍተው ቅርንፉዱ ለብቻው መጮኹን ትቶ፣ ሁሉም አንድ ሽታ ሆኖ ነበር።

ሸርጣን እናቴ አትነካም፤ የብሩን ኦሪት የእሷም ኦሪት ነው። እኔ ሮክፊሽ ገዛሁ፣ የሜሪላንድ የክብር ዓሣ፣ እዚያው ወሽመጥ ውስጥ የሚያድግ፣ ቅርፊትም ክንፍም ያለው። እናቴ ሎሚና ዘይት ቀባችው፣ ቅመሙን ከላይም ከሆዱም ነሰነሰች፣ ምድጃ ገባ። ቤቱ ከባልቲሞር የመጣ ነገር ሸተተ፤ ከስሩ ደግሞ ኮረሪማው ነበረ።

በልታ ስትጨርስ እጇን ታጥባ ማሰሮውን ወሰደች። ግማሹን በሌላ ብልቃጥ ገልብጣ ለጣና ቆሮሶ ከሻንጣዋ ሥር አስቀመጠችው። ለእኔ የቀረው ላይ ፕላስተር ለጠፈችና በእስክሪብቶ ጻፈችበት፤ «የዓሣ ነው። ወጥ ውስጥ እንዳትጨምር።»