ቀለም በወረቀት፣ ቀለም በብርሃን

በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከታየው ጋር አንድ የማይሆነው ወረቀት ብርሃን ሲቀበል ስክሪን ብርሃን ስለሚሰጥ ነው። ልዩነቱን ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በጽሑፍ ያሰፈረው አንድ አታሚ ነበር።

ያኮብ ክሪስቶፍ ለ ብሎን በ1667 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ፍራንክፈርት ተወለደ። በዘመኑ ብዙው ሥዕል በጥቁር ይታተምና ቀለሙ በእጅ ይቀባ ነበር። ለ ብሎን ግን አንዱን ሥዕል በሦስት የመዳብ ሰሌዳዎች ከፋፍሎ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀይ በየተራ አንዱን በሌላው ላይ አተመ። በ1719 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ጆርጅ የፈጠራ መብት ቢያገኝም፣ ለንደን ላይ የተቋቋመው ድርጅት ከሰረ።

በ1725 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሳተመው «ኮሎሪቶ» በተባለው መጽሐፉ፣ የሚዳሰሱት ቀለማት ሲደባለቁ ጥቁር እንደሚሆኑ፣ ኒውተን ያጠናቸው የማይዳሰሱት የብርሃን ቀለማት ግን ነጭ እንደሚሆኑ አመለከተ። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1852 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የኅትመት ቀለም በላዩ ካረፈው ነጭ ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፤ ሌላ ቀለም ሲደረብበት የሚዋጠው ይበዛል፣ ሥዕሉም ይጠቁራል። ብርሃን በብርሃን ላይ ሲጨመር ግን ይደምቃል። ስለዚህ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ተደባልቀው አረንጓዴ ሲሰጡ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብርሃን ነጭ ይሰጣሉ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሡ ሦስት የሪባን ፎቶዎችን ደራርቦ በማብራት አንድ ባለቀለም ምስል አሳየ።

ሁለቱ መንገዶች ዛሬም እንደተለያዩ ናቸው። ስክሪን የማክስዌልን ሦስት ብርሃናት ይጠቀማል። ማተሚያ ቤት የሚሠራው በሲያን፣ በማጀንታና በቢጫ ሲሆን፣ ሦስቱ ተደራርበው ጥርት ያለ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ መሳይ ስለሚሰጡ ጥቁር አራተኛ ሆኖ ይታከላል። ደማቅ የስክሪን አረንጓዴና ሰማያዊ በእነዚህ አራት ቀለማት ስለማይገኙ በሚቀርባቸው ይተካሉ። ወረቀቱ ራሱም በፀሐይና በአምፖል ብርሃን መልኩን ይለውጣል።

ሁለቱን ለማቀራረብ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀለም ኅብረት ለስክሪንና ለማተሚያ መሣሪያዎች የጋራ የቀለም መግለጫ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ክፍተቱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ ብዙ ቅጂ ከመታተሙ በፊት ቀለሙ የሚረጋገጠው በወረቀት ላይ በወጣ ናሙና ነው።