የአረጋውያን ልብ፣ እርምጃና ዮጋ

በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር የሚኖሩ የ70 ዓመት አዛውንት «ስፖርት ይሠራሉ?» ቢባሉ መሳቃቸው አይቀርም። ገበያ የሚሄዱት በእግር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙትም በእግር። አገሩ ደግሞ ሜዳ አይደለም። በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ፣ በሌላ ወገን የበሽሎ ሸለቆ አለ። እዚያ መንገድ ማለት ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጆች «አሁንስ ይረፉ» ብለው ወላጆቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲያመጡ ነው። በፍቅር የተሰጠው ዕረፍት ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ዳገት የለመደ ልብ በድንገት ሥራ ይፈታል።

ዕድሜ ሲገፋ ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎች የመለጠጥ ባሕርያቸውን እያጡ ግትር ይሆናሉ። በዚህም ምክንያት በብዙ አረጋውያን ላይ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ብቻውን ከፍ ይላል፤ ልብም ደም ለመግፋት የበለጠ ይደክማል። የሰውነት እንቅስቃሴ የደም ፍሰትን ሲጨምር ግን የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ቧንቧውም ዘና ብሎ ይሰፋል። የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ፈጠን ያለ እርምጃ ያዘወተሩ እንደሆነ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ቢመስልም አንድ የግፊት መድኃኒት ከሚያመጣው ለውጥ ብዙ የራቀ አይደለም። እንቅስቃሴው ሲቋረጥ ግን ጥቅሙም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠናክር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። አቴኖሎልን የመሳሰሉ የልብ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ለሚወስዱ ሰዎች ምት ከመቁጠር ይልቅ ይህ መለኪያ ይሻላል።

ዮጋስ? ከሰውነት መተጣጠፉ ይልቅ ለግፊት ይበልጥ የሚረዳው ዝግ ያለው ትንፋሽ ሳይሆን አይቀርም። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ መተንፈስ የልብን ምት የሚያረጋጋውን ነርቭ ያነቃቃል። በዮጋ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግፊት እንደሚቀንስ ቢጠቁሙም ብዙዎቹ አነስተኛና አጭር ጊዜ የቆዩ ናቸው። ለስላሳ ዮጋ ልብን እንደ ዳገት አያሠራም፤ ስለዚህ የእርምጃ ረዳት እንጂ ምትክ አድርጎ መውሰድ ተገቢ አይመስለንም። ሚዛንን በማጠናከር ከመውደቅ በመከላከል በኩል ግን ጥሩ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦም ይሠራል።

«ዮጋ» የሚለው ስም እንግዳ ለሚሆንባቸው እናትና አባት ስግደት የለመዱት ነገር ነው። ንጽጽሩ ስለ መንፈሳዊ ትርጉሙ ሳይሆን ስለ ጉልበቱ ነው፤ መውደቅና መነሣቱ የእግርና የወገብ ጡንቻን በሙሉ ያሠራል። ሆኖም የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች የስቅለት ዕለት ሙሉውን ስግደት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ይበጃል። በጾም ሰዓት፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን፣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ባያደርጉ ይመረጣል፤ ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል።

ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርጉ የዮጋ አቋሞች ግፊት ወይም ግላኮማ ላለባቸው አይመከሩም። ትንፋሽ አምቆ መታገልም እንዲሁ። ደረት የሚያፍን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማ ወዲያው አቁሞ ሕክምና መሄድ ነው። ግፊቱ ቢስተካከልም መድኃኒቱን የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ከተማ የከረሙ አዛውንት ለዓመት በዓል አገራቸው ሲመለሱም ጥንቃቄ ያሻል። ነፋስ መውጫ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትሮች ትበልጣለች፤ አየሩም በዚያው ልክ ይሳሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳገቱን ቀስ ብለው፣ እየቆሙ፣ ዱላቸውን ይዘው ቢወጡት ይሻላል።